ጀሪካናችን ለምን ተሰነጠቀ? ጀርመን ልከን ያስመረመርነው ፕላስቲክ

ግንቦት ላይ ነው። ፈሳሽ ሳሙና እያመረቱ የሚሸጡ አንዲት ደንበኛችን በጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የያዙት የእኛን ሰማያዊ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። «ልጄ፣ እስቲ ይኼን እዪልኝ» አሉና ገለበጡት። ታች፣ ጥጉ ላይ፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። «አርባ ነው የገዛሁት። አሥራ አንዱ እንዲህ ሆነብኝ። ቤቴ ሳሙና በሳሙና ሆነ።»

ስንጥቁን በጥፍሬ ዳሰስኩት። ጠርዙ ለስላሳ ነው። ፕላስቲክ በኃይል ሲቀደድ ይሳባል፣ ይነጣል፣ ክር ክር ያወጣል። ይሄ ግን በምላጭ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ወድቆ ወይም ተመትቶ የተሰነጠቀ አይደለም። ሳሙናው ራሱ ቀስ እያለ ከፍቶታል። ጀሪካኑ ውሃ ቢይዝ ኖሮ ምናልባት ዓመታት ያገለግል ነበር።

ቃሊቲ ያለች አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ጠዋት በኋላ ለምርመራ ስላወጣነው ገንዘብ ልነግራችሁ ነው። ጀርመን ላለ አንድ የፖሊመር ላቦራቶሪ ናሙና ልከን ውጤት ተቀብለናል። የቱ ምርመራ ገንዘቡን እንደሚያወጣ፣ የቱ እንደማያወጣ አሁን በደንብ አውቃለሁ። ድክመታቸውንም ስለምጽፍ የላቦራቶሪውን ስም እዚህ አላነሳም። በአንድ ሠራተኛ ስህተት የአንድ ድርጅት ስም እንዲበላሽ አልፈልግም።

መጀመሪያ እኛው ጋ ያለውን መሣሪያ ሞከርኩ። የቅልጥ ፍሰት መለኪያ አለን። ፕላስቲኩን 190 ዲግሪ ላይ አቅልጠን 2.16 ኪሎ እንጭንበታለን። ከዚያ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም በቀዳዳው እንደወጣ እንመዝናለን። ቀጭን ወጥ እና ወፍራም ወጥ እንደ መለየት ነው። የድሮው ጥሬ ዕቃችን 0.3 ግራም ነበር የሚሰጠን። የተሰነጠቀው ጀሪካን 0.9 ሰጠ። ሦስት እጥፍ ቀጥኗል። ሞለኪውሎቹ አጥረዋል ብዬ ጠረጠርኩ። ግን ለምን?

ጥሬ ዕቃው ተቀይሮ እንደነበር አውቃለሁ። የውጭ ምንዛሪ ስናጣ ከአንድ ነጋዴ ወደ ግራጫ የሚያደላ እንክብል ገዝተን ነበር። ከረጢቱ ላይ ለጀሪካን የሚሆን ከፍተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢቲሊን እንደሆነ ተጽፏል። ወረቀት ግን አልነበረውም። ውሃ ላይ ጣልነው፣ ተንሳፈፈ። ይሄ ሙከራ የሃይላንድ ጠርሙስ ስብርባሪ እንዳልተቀላቀለበት ይነግራል፤ የሃይላንዱ ፕላስቲክ ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ቢቀላቀልበት ግን ምንም አይነግርም። ፖሊኢቲሊንም ፖሊፕሮፒሊንም ከውሃ ስለሚቀሉ አብረው ይንሳፈፋሉ። ቆራሌው ሰብስቦ ያመጣው ጀሪካን ከነክዳኑ ከተፈጨ፣ ክዳኑ ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ፣ የማጠቢያው ገንዳ አይለየውም። አቃጥለን ብናሸተውም ሁለቱም ሻማ ሻማ ነው የሚሉት።

በመጀመሪያ የሄድነው በጣም ርካሽ ወደሆነው ነበር። ሌላ አገር ያለ ላቦራቶሪ ነው፤ ዋጋውን አይተን ቸኮልን። ናሙና ተቀበሉ፣ ገንዘብ ተቀበሉ፣ አንድ ገጽ ላኩ። ገጹ ላይ የተጻፈው ፖሊኢቲሊን ነው፣ ከመዝገባችን ጋር 97 በመቶ ይመሳሰላል የሚል ነው። በቃ። ጋሼ፣ የፋብሪካው ባለቤት፣ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ይሄንንማ ከረጢቱም ይላል» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ይህ ምርመራ ኤፍቲአይአር ይባላል። መሣሪያውን አልወቅሰውም። ኢንፍራሬድ ብርሃን ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ በአተሞቹ መካከል ያለው ማሰሪያ ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱ ዓይነት ማሰሪያ የራሱን ብርሃን መርጦ ይውጣል፤ የተዋጠው ብርሃን በሞገድ ቁጥሩ ይጠራል። ፖሊኢቲሊን 2915 እና 2848 ላይ ሁለት ረጃጅም ጫፎች አሉት፤ ከዚያ 1465 አካባቢ፣ ከዚያ ደግሞ 720 እና 730 ላይ መንታ ጫፍ። ፖሊፕሮፒሊን በ1376 ይታወቃል። ፀሐይና ሙቀት ያበላሸው ፕላስቲክ ከሆነ 1715 አካባቢ አዲስ ጉብታ ያበቅላል። ደቂቃ አይፈጅም። ናሙናውን አልማዝ ላይ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ግን ብርሃኑ ወደ ውስጥ የሚገባው አንድ ሁለት ማይክሮን ያህል ነው፤ የሚያየው ቆዳውን ነው። ቅልቅሉ ትንሽ ከሆነ ትልቁ ይውጠዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ መዝገቡን አገላብጦ በጣም የሚመስለውን ስም ይጠራል። ጥቁር ቧንቧ የምትሠሩ ሰዎች ሌላም አስቡበት፤ የካርቦን ጥቁሩ ብርሃኑን ስለሚውጠው በአልማዝ ፋንታ ጀርማኒየም ክሪስታል ያለው መሣሪያ ጠይቁ።

ኤፍቲአይአር የፕላስቲኩን ስም ይናገራል። እኔ የምፈልገው ግን ጠባዩን ነበር። ሁለት ፕላስቲክ አንድ ስም ይዘው አንዱ ሳሙና ይችላል፣ ሌላው አይችልም።

ወደ ጀርመኑ ላቦራቶሪ የመራኝ ፍራንክፈርት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሂሳቡንም በዩሮ የከፈለልን እሱ ነው፤ እዚህ በብር መለስንለት። ኢሜይል ላክሁ። ዋጋ ይልካሉ ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ላኩ። የተሰነጠቀው የት ቦታ ነው? ስንት ቀን ቆይቶ? ውስጡ ምን ነበር? ሙቀቱስ? ያልተሰነጠቀ፣ ከድሮው ጥሬ ዕቃ የተሠራ ጀሪካን አላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ልቤን አሞቀው። ጥሩ የነበረውን ሳያዩ የተበላሸውን መመርመር ዋጋ እንደሌለው ገብቷቸዋል። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ እሰጣቸዋለሁ።

ፓይሮሊሲስ ጋዝ ክሮማቶግራፊም ይሠራልኝ ብዬ ጠይቄ ነበር። ፕላስቲኩን ያለ አየር በከፍተኛ ሙቀት ሰባብሮ ስብርባሪውን የሚለይ ምርመራ ነው። ፖሊኢቲሊን በዚህ ሲታይ ሦስት ሦስት ጥርስ እያወጣ እንደ ማበጠሪያ ይደረደራል፤ በጣም ቆንጆ ነው። እነሱ ግን «ለእናንተ ጥያቄ አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» አሉ። ስለ ማልዲም ጠየቅኋቸው። የጃፓኑ ኮይቺ ታናካ በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል የተካፈለው ትልልቅ ሞለኪውልን ሳይሰባበር በሌዘር አስነስቶ የመመዘኛ መንገድ በማግኘቱ ነው፤ ማልዲ የዚያ ሥራ ቤተሰብ ነው። ፖሊኢቲሊን ግን ኤሌክትሪክ ሙላት ለመያዝ እሺ ስለማይል አይሆንም አሉኝ። መሸጥ ሲችሉ አትግዛ ያለ ሻጭ ሳይ ደስ ይለኛል።

አምስት ናሙና አዘጋጀሁ። ከድሮው ጀሪካን አንድ፣ ከተሰነጠቀው አንድ፣ ከግራጫው እንክብል አንድ፣ ገና ካልተሰነጠቀ አዲስ ጀሪካን አንድ። አምስተኛው ምስጢር ነው። የተሰነጠቀውን ጀሪካን ለሁለት ከፍዬ ሌላ ስም ሰጥቼ ላክሁት። ላቦራቶሪ ሲመረምረኝ እኔም ላቦራቶሪውን እመረምራለሁ። ይህን ለማንም ሰው እመክራለሁ። ናሙናውን በሰው ነው የላክነው፤ እያንዳንዱ መቶ ግራም አይሞላም። ከመላካቸው በፊት በሳሙና እንዳይታጠቡ፣ በውሃ ብቻ እንዲለቀለቁ ነግረውኝ ነበር። ሳሙናው ራሱ ተጠርጣሪ ነው።

ውጤቱ ከ5 ሳምንት በኋላ መጣ። 3 ሳምንት ነበር ያሉት። ይህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ነው።

ልቤን የያዘው ዲኤስሲ የሚባለው ምርመራ ነው። ከናሙናው 7 ሚሊግራም ይወስዳሉ፤ ሃያ ያህል የጤፍ ፍሬ የሚመዝን ነው። ትንሽዬ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ያስቀምጡትና ከባዶ ሳህን ጎን ለጎን በደቂቃ 10 ዲግሪ እያሉ ያሞቁታል። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል። ሁለቱ ሳህኖች የሚጠጡት ሙቀት ልዩነት መስመር ሆኖ ይሳላል። የድሮው ጀሪካን መስመር ቀጥ ብሎ ሄዶ 131 ላይ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከዚያ እስከ 200 ድረስ ዝም አለ። የተሰነጠቀው 133 ላይ ቆፈረ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ 162 ላይ ትንሽ ስርጉድ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ደግሜ አየሁት። የጣት ጥፍር ጫፍ ያህል ነው። ፖሊኢቲሊን እዚያ የሚያቀልጠው ነገር የለውም። 160ዎቹ የፖሊፕሮፒሊን ሰፈር ናቸው። ክዳኖቹ! ገንዳው አልለይ ያለው፣ እሳቱ አልለይ ያለው፣ ኤፍቲአይአሩ የዋጠው ነገር እዚህ ራሱን አጋለጠ። ከስርጉዱ ስፋት ተነስተው ፖሊፕሮፒሊኑን 6 በመቶ ገደማ ገመቱት።

ዲኤስሲ ስታዙ ሁለት ጊዜ እንዲያሞቁት ጠይቁ። የመጀመሪያው ማሞቅ ፕላስቲኩ ያሳለፈውን ይናገራል፤ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ መጋዘን ውስጥ ምን እንደደረሰበት። አንዴ ቀልጦ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ሲሞቅ ያ ሁሉ ታሪክ ይሰረዛል። ሁለተኛው ማሞቅ ላይ የሚታየው የቁሱ የራሱ ተፈጥሮ ነው። ለማነጻጸር የሚሆነው እሱ ነው። የጉድጓዱን ስፋት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ክሪስታል ለሆነ ፖሊኢቲሊን ከሚታሰበው በግራም 293 ጁል ጋር አካፍለው ምን ያህሉ ክሪስታል እንደሆነ ይነግሯችኋል። የድሮው 64 በመቶ፣ የተሰነጠቀው 72 በመቶ። ክሪስታል ሲበዛ ጀሪካኑ ደረቅና ጠንካራ ይሆናል። ሲነኩት ያስደስታል። ግን ለሳሙና መጥፎ ዜና ነው። ለምን እንደሆነ ወደታች እደርስበታለሁ።

በዚያው መሣሪያ ኦክሲጅን ለቀው 200 ዲግሪ ላይ ስንት ደቂቃ ሳይቃጠል እንደሚቆይም መለኩልን። ለውሃ ቧንቧ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይጠየቃል። ለእኛ ጥያቄ ብዙም አልጠቀመም። ቧንቧ የምትሠሩ ግን አትለፉት።

ቲጂኤ የሚባለውን ባጭሩ ልለፈው። ናሙናውን ሚዛን ላይ አስቀምጠው ያቃጥሉታል፤ ክብደቱ ሲቀንስ ያያሉ። ኖራ ድንጋይ ዱቄት ከተቀላቀለበት 600 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቶ ከዱቄቱ ክብደት 44 በመቶውን ያጣል፤ ከዚያ ተነስቶ ስንት ዱቄት እንደነበረ ማስላት ይቻላል። የእኛው ውስጥ አልነበረም። ነጋዴው ቢያንስ በዱቄት አላታለለንም።

የሞለኪውሎቹን ርዝመት የሚለካው ጂፒሲ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፕላስቲክ ማለት ሰንሰለት ነው። ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 እነዚህ ነገሮች በእውነተኛ ማሰሪያ የተያያዙ በጣም ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው ብሎ ሲጽፍ ብዙ የዘመኑ ኬሚስቶች አልተቀበሉትም፤ ኖቤሉን ያገኘው በ1953 ነው። እኛ ዛሬ በአንድ ሪፖርት የሰንሰለቶቹን ርዝመት ሥርጭት እንቀበላለን። ይህን ሳስብ ይገርመኛል።

ፖሊኢቲሊን በቀዝቃዛ ነገር አይሟሟም። ትራይክሎሮቤንዚን ውስጥ ጨምረው 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ያሟሙታል። መሣሪያው ራሱ ከነቱቦው በሙሉ ሙቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ለዚህ ነው ብዙ ላቦራቶሪ ጂፒሲ አለን ብሎ የፖሊኢቲሊን ሲሆን የለንም የሚለው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ፈሳሹ ቀዳዳ ቀዳዳ ባላቸው ደቃቅ እንክብሎች በተሞላ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ትልቁ ሞለኪውል ቀድሞ ይወጣል፤ ትንሹ ይዘገያል። መርካቶን አስቡት። ጭነት የያዘ መኪና ዋናውን መንገድ ይዞ ያልፋል። ሕፃን ልጅ ግን እያንዳንዱ ሱቅና እያንዳንዱ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ግልጽ ነው።

ሁለቱን መስመሮች ደራርበው ላኩልኝ። የድሮው ሰፊ ነው። አማካይ የሞለኪውል ክብደቱ 190 ሺህ፤ ጭራው ግን ከሚሊዮን አልፎ ይሄዳል። የተሰነጠቀው 125 ሺህ፤ ጭራው ተቆርጧል። የጠፉት በጣም ረጃጅሞቹ ናቸው። የጀሪካን ፖሊኢቲሊን በአብዛኛው በክሮሚየም ካታሊስት ነው የሚሠራው፤ ሆጋን እና ባንክስ በ1951 የፊሊፕስ ኩባንያ ውስጥ የጀመሩት መንገድ ነው። ሰፊ ሥርጭትና ረጅም ጭራ የሚሰጠውም እሱ ነው። ነጋዴው የሸጠልን ግን ባልዲና ሣጥን የሚሠራበት ዓይነት በብዛት እንደገባበት ይመስላል። ሪፖርቱም በጥንቃቄ እንደዚያ ይላል።

የረጃጅሞቹ መጥፋት ለምን ጀሪካን እንደሚሰነጥቅ የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ጭቃ ብቻውን ከተለጠፈ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ሲገባበት ጭዱ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ይዞ ያቆየዋል። ፖሊኢቲሊን ውስጥም ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ የክሪስታል ንጣፎች አሉ። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ከአንዱ ንጣፍ ወጥተው ሌላው ውስጥ ይገባሉ። ጭዱ እነሱ ናቸው። ሳሙና በንጣፎቹ መሃል ሰርጎ እነዚህን ማያያዣዎች እያሟለጨ ይፈታቸዋል። የጀሪካኑ ታች ጥግ ደግሞ ከላይ በተደራረበው ክብደት ዘወትር እንደተወጠረ ነው። ጭዱ ካነሰ እዚያ ይከፈታል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሰንሰለቶቹ አልተበጠሱም፣ ተንሸራተው ተላቀቁ።

ቁጥሩን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። የጂፒሲ ቁጥር አንጻራዊ ነው፤ መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው በፖሊስታይሪን መለኪያ ነው። የአንዱን ላቦራቶሪ 190 ሺህ ከሌላው 190 ሺህ ጋር አታነጻጽሩ። በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ፣ ጎን ለጎን የተሠራ ብቻ ነው የሚታመነው። እነሱ እንደዚያ አድርገውልናል።

የመጨረሻው፣ ሰንሰለቱ ላይ ያሉትን ቅርንጫፎች የሚያሳየው፣ ካርቦን ኤንኤምአር ነው። ዋጋው የአንድ ዲኤስሲ ስድስት እጥፍ ነው። የሚታየው ካርቦን 13 ከተፈጥሮ ካርቦን 1.1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ምልክቱ ደካማ ነው፤ ትኩስ የሟሟ ናሙና ትልቅ ማግኔት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። የሚሰጠው መረጃ ግን ሌላ ቦታ አይገኝም። ዋናው ሰንሰለት በውጤቱ መስመር 30 ቁጥር ላይ ግዙፍ ጫፍ ሆኖ ይቆማል። ከሱ ግራና ቀኝ፣ ሣር የሚመስሉ ትንንሽ ጫፎች መሃል፣ ቅርንጫፎቹ አሉ። ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ፕላስቲኩ ሲሠራ ቡቲን ወይም ሄክሲን ይጨመርበታል። ከቡቲን የመጣ አጭር ቅርንጫፍ ጫፉ 11 አካባቢ ይታያል። ከሄክሲን የመጣው 23.4 ላይ። የድሮው ጀሪካን 23.4 ላይ ትንሽ ግን ጥርት ያለ ጫፍ አለው፤ ከ1000 ካርቦን አንድ ተኩል ቅርንጫፍ ገደማ። የተሰነጠቀው ላይ ምልክቱ ከሣሩ በላይ አልወጣም።

ከሺህ አንድ ተኩል! ጋሼ ይህን ስነግራቸው አላመኑም። ግን ጭራሮ አስቡ። ቀጥ ያለ ጭራሮ ተስተካክሎ ይታሰራል። ቅርንጫፍ ያለው አይተኛም፣ ከእስሩ ወጣ ይላል። ሰንሰለቱም እንደዚያው ነው። ቅርንጫፍ ያለው ቦታ ክሪስታሉ ውስጥ ስለማይገባ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ አንድ ንጣፍ ውስጥ አይታጠፍም፤ ወጥቶ ሌላውን ይይዛል። ዲኤስሲው ላይ የተሰነጠቀው በ2 ዲግሪ ከፍ ብሎ የቀለጠው፣ ክሪስታሉም የበዛው፣ ቅርንጫፍ ስላልነበረው ነው። ሦስቱ ምርመራዎች አንድ ታሪክ ከሦስት አቅጣጫ ነገሩኝ። ከመካከላቸው ዲኤስሲውን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ክዳኖቹን ብቻ ወቅሼ እቀመጥ ነበር።

አሁን ቅሬታዎቼ። መዘግየቱን ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው ይብሳል። የጂፒሲው ሠንጠረዥ ላይ የሁለት ናሙና ስም ተለዋውጦ ነበር። ያወቅሁት በምስጢሩ ናሙና ነው። ሁለቱ የተሰነጠቀ ጀሪካን ግማሾች በዲኤስሲ ልዩነታቸው 0.3 ዲግሪ ብቻ ነበር፤ በጂፒሲ ግን አንዱ የድሮውን ጀሪካን ቁጥር ይዞ ተገኘ። ይህ ሊሆን አይችልም። ጻፍኩላቸው። በ2 ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው፣ ስህተቱ ሠንጠረዡን ሲሞሉ የመጣ መሆኑን አስረድተው፣ የተስተካከለውን ላኩ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሁለቱን ደግመው ሠሩልን። ሲታረም የሁለቱ ግማሾች ልዩነት ከ4 በመቶ በታች ነበር፤ ለጂፒሲ በጣም ጥሩ ነው። አስተራረማቸው ደስ ብሎኛል። ግን ምስጢሩን ናሙና ባልልክ ኖሮ ያንን ቁጥር አምኜ እቀመጥ ነበር፤ ይህን ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ሦስተኛ፣ ጥሬ ዳታውን ሳልጠይቅ አልላኩም። ሪፖርቱ በምስል ብቻ ነበር። መስመሩን ራሴ ደራርቤ ማየት እፈልጋለሁ፤ የከፈልኩበት ነው። ከጠየቅሁ በኋላ ሰጡኝ። ገና ስታዙ በጽሑፍ ጠይቁ። አራተኛ፣ ኤንኤምአሩን ለአምስቱም ናሙና ዋጋ አውጥተውልን ነበር። ለሁለት ይበቃል ብዬ ተከራከርኩ፤ ተቀበሉ። ይህን ራሳቸው ቢያነሱት ያምር ነበር፤ ስለ ፓይሮሊሲስ እንዲያ ቅን ሆነው እዚህ ላይ ዝም ማለታቸው አልገባኝም።

በጥቅሉ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። ገንዘብ ላጠራችሁ ሰዎች ምክሬ ይህ ነው። ዲኤስሲን በምንም አትተዉ፤ ለዋጋው ከሁሉም ብዙ የሚናገር እሱ ነው። ዕቃችሁ ሳሙና፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የሚይዝ ከሆነ ጂፒሲ ጨምሩ። ኤንኤምአር ከነጋዴ ጋር ክርክር ውስጥ ከገባችሁ ወይም ጥሬ ዕቃ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ብቻ፣ ለአንድ ጥሩና ለአንድ መጥፎ ናሙና። ኤፍቲአይአር ብቻውን የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ስሙን ከረጢቱ ላይ አንብባችሁ ተመለሱ።

ለደንበኛችን አርባውንም ጀሪካን ቀየርንላቸው፤ የፈሰሰውን ሳሙናም ከፈልን። ጋሼ ሪፖርቱን ይዘው ወደ ነጋዴው ሄደው ተነጋገሩ። ሰውየው ከየት እንደገዛ ራሱም በቅጡ አያውቅም። ቀሪው ግራጫ እንክብል አሁን የአበባ መትከያ ማሰሮ እየሆነ ነው፤ ለዚያ ምንም አይልም። ክዳን ከጀሪካን ሳይፈጭ በፊት የሚለቅሙ ሁለት ልጆች ቀጥረናል።

ትክክለኛው የሳሙና ሙከራ ኤኤስቲኤም ዲ 1693 ይባላል። የተጫረ ቁራጭ አጥፈው 50 ዲግሪ ሙቀት ያለው የሳሙና ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ለዚያ የሚሆን የሞቀ ገንዳ የለንም። እኔ በአዲሱ ጥሬ ዕቃ የተሠሩ አምስት ጀሪካኖች ደንበኛችን በሚሸጡት በዚያው ሳሙና ሞልቼ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ፣ ቆርቆሮው ሥር በጣም በሚሞቀው ጥግ አስቀምጫለሁ። አጠገባቸው ከግራጫው የተሠራ አንድ አለ። እሱ በ19ኛው ቀን ጥጉ ላይ ማላብ ጀመረ። አምስቱ ዛሬ 41ኛ ቀናቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ታች ጥጋቸውን በጣቴ እዳስሳለሁ። እስካሁን ደረቅ ናቸው።